ለናሆም ክርስትና አባት፦ በጉልበት ልክ ስላለፈችው ኳስ

ለተከበሩ አቶ ቦጋለ አክሊል
የሰመር ቤዝቦል ሊግ ዳኛ
ከሆም ፕሌት ጀርባ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የጠበበው ስትራይክ ዞን ለፊታችን ቅዳሜ በመጠኑም ቢሆን እንዲሰፋልን ስለመለመን

የተከበሩ ጋሼ ቦጋለ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ። ባለፈው ዊንተር በረዶ ሲጠርጉ የያዘዎት ወገብ ፈጽሞ እንደለቀቀዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ በጉልበት ልክ የምታልፍ ኳስ ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋልና የወገብዎን ደኅንነት ከማንም በላይ አጥብቄ የምመኝ እኔ ነኝ። ስለ ዓይንዎ አልጠይቅም። ዓይንዎ ፍጹም ጤነኛ መሆኑን የዉድበሪ ቡድን ኳስ ሲወረውር አይቼ አረጋግጫለሁ፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

እኔን ያውቁኛል። የይልማ ልጅ ኢያኤል ነኝ፤ በግንቦት ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ስመው «እግዜር ትልቅ ቦታ ያድርስሽ» ያሉኝ። ትልቁ ቦታ በመንገድ ላይ ይመስለኛል፤ እስኪደርስ ድረስ፣ ሃይስኩል ሳለሁ ሶፍትቦል እወረውር ስለነበር፣ ክሪስታል ከተማ ላለው የልጆቻችን ቡድን ኳስ ወርዋሪዎቹን በነጻ አሠለጥናለሁ። ሥራ ፈትታ ነው የሚሉ አሉ። ሥራ ፈትቼም ነው፣ ወድጄም ነው።

ይህ ደብዳቤ ለሁሉም ክፍት ስለሆነና በማኅበራችን ቴሌግራም በኩል ቤዝቦል ሲባል ቻናል ለሚቀይሩት እናቶቻችን ጭምር ስለሚደርስ፣ እርስዎ አሳምረው የሚያውቁትን ነገር በአጭሩ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። ወርዋሪው ኳሱን ሲልክ፣ ዱላ የያዘው ልጅ ባይመታውም እንኳ፣ ኳሱ ሆም ፕሌት ከምትባለው፣ መሬት ላይ ከተነጠፈችው ነጭ ሰሌዳ በላይ፣ ከልጁ ጉልበት እስከ ደረቱ ባለው ቦታ ካለፈ ስትራይክ ይባላል፤ ሦስት ስትራይክ ልጁን ከጨዋታ ያስወጣዋል። ከዚያ ቦታ ውጭ ካለፈ ቦል ይባላል፤ አራት ቦል ሲሞላ ልጁ ምንም ሳይመታ በነጻ ወደ ቤዝ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው ማረፊያ፣ ይሄዳል። ያ ቦታ፣ ስትራይክ ዞን የሚባለው፣ በኖራ አልተሰመረም፣ ገመድም አልተወጠረበትም፤ የሚገኘው በአንድ ሰው ዓይን ውስጥ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እርስዎ ነዎት። ሌሎች ዳኞች የሚያዩት ቦታ የቤት በር ያህል ነው ቢባል፣ የእርስዎ በሩ ላይ ያለችው ደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ ያህል ናት። ለዚያውም ለሁሉም አይደለም፤ ለእኛ ልጅ ብቻ።

የእኛ ልጅ የምለው ናሆምን ነው፤ የወይዘሮ ስንታየሁን ልጅ። በአርባ ቀኑ ታቅፈው ክርስትና ያነሱት እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያውን የቤዝቦል ጓንት የገዙለትም፣ ታክሲ በሚነዱበት ዘመን ጨዋታውን በሬዲዮ እየሰሙ የተማሩትን በእናቱ ጓሮ ያሳዩትም እርስዎ ነዎት። ይህንን ሁሉ ሰው ያውቃል። ሊጉ ብቻ ነው የማያውቀው፤ የሊጉ ደንብ የሚከለክለው የሥጋ ዘመድን ስለሆነ ክርስትና አባት አለ ወይ ብሎ የጠየቀዎት የለም፤ እርስዎም አልነገሩም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። የፊታችን ቅዳሜ፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ከዉድበሪ ቡድን ጋር የመጨረሻውን ጨዋታ እንጫወታለን። ያን ቀን አንድ የኮሌጅ አሰልጣኝ ናሆምን ሊያይ ይመጣል። ሰውየው እንዲመጣ ከግንቦት ጀምሬ ስጽፍለት፣ ስደውልለት፣ ቪዲዮ ስልክለት ነው የከረምኩት፤ በመጨረሻ፣ ከእኔ ለመገላገል ይመስለኛል፣ «አንድ ቦታ ቀርቶኛል፤ አንድ ጊዜ እመጣለሁ» አለኝ። ናሆም ሃይስኩል ጨርሷል፤ ሌላ የጠራው ኮሌጅ የለም። ያቺ አንዲት ቦታ ካመለጠችው በመስከረም መወርወሩ አብቅቶ፣ የአጎቱ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ማንሳት ይጀምራል። ክንዱ ለሣጥንም እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ቅዳሜ ዳኛው እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ባለፈው ቅዳሜ ስላስተማሩን ትሕትና አመሰግናለሁ። ናሆም ያለው ስጦታ አንድ ነው፤ ሰሌዳው ጋ ስትደርስ ድንገት ዝቅ የምትል ኳስ። ያቺን ኳስ ልምታ ያለ ልጅ አናቷን ይነካትና መሬት ለመሬት ትንከባለላለች፤ የእኛ ልጆች አንስተው ያስወጡታል፤ በቃ፣ የናሆም ጥበብ ይኸው ነው። ያቺ ኳስ በጉልበት ልክ ነው የምታልፈው። በእርስዎ ዘንድ ግን ናሆም ሲወረውር የሰው ልጅ ጉልበት የለውም፤ ከወገብ በታች ያለው ሁሉ ጫማ ነው። በሦስተኛው ዙር የዉድበሪው አሰልጣኝ ከአግዳሚ ወንበሩ ለልጆቹ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ዱላ የሚያነሳ ጠፋ። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳጋደሙ፣ ጠበል እንደሚጠባበቅ ሰው አንድ በአንድ ተሰልፈው ወደ ቤዝ አዘገሙ፤ ሦስቱም ቤዞች ሞሉ፤ ከዚያም አዲስ በሄደ ቁጥር የፊተኛው ወደ ሰሌዳው እየተገፋ፣ ነጥብ እየቆጠሩ ገቡ። እኛ ያን ቀን የተሸነፍነው ምንም ባልመቱ ልጆች ነው።

በዚያው ጨዋታ የዉድበሪው ወርዋሪ የላካት ኳስ ከናሆም ኳስ ዝቅ ብላ፣ የእኛን ልጅ ካልሲ ልትነካ ምንም አልቀራትም። እርስዎ ቀኝ እጅዎን አንስተው «ስትራይክ» አሉ። ድምፅዎ እንዴት እንደሚያምር ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ለእኛ ብለውት ስለማያውቁ።

ሁለተኛ፦ ስለሰጡን ነጻ ትምህርት አመሰግናለሁ። የተማርኩት ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ግን ቀዳዳ በምታህል ቦታ እንዴት እንደሚኖር የነገረኝ ፕሮፌሰር አልነበረም። ያን ቅዳሜ በሁለተኛው ዙር፣ ገና ዱላ ሲያነሱ ሳለ፣ ኳሱን የሚቀበለውን ለሜሳን ጓንትህን ከፍ አድርገህ መሃል ላይ ያዝ አልኩት፤ ናሆምም እንደታዘዘው መሃል ላከ። የዉድበሪው ልጅ እንዲህ ያለ ደግነት ገጥሞት ስለማያውቅ ኳሱን መትቶ ከአጥሩ ማዶ ወደ መኪና ማቆሚያው ሰደደው። የእርስዎ ካምሪ እዚያ መቆሙን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አይጨነቁ፣ አልነካችውም፤ ያን ቀን ዒላማ ሁሉ እምቢ ብሎን ነበር።

ከዚያ አሰብኩ። ቦታውን መለወጥ ካልተቻለ ሰዓቱን እንለውጥ። አንዷን ኳስ በሙሉ ኃይሉ ይልካል፤ ቀጣይዋን በዚያው የክንድ አወራወር፣ ግን መዳፉ ውስጥ ቀብሮ ይይዛትና እየተንቀራፈፈች ትመጣለች። ሁለቱም የሚገቡት በዚያችው በእርስዎ ቀዳዳ ነው፤ ልጁ ግን ቸኩሎ አየር ይመታል፣ ወይም ጫፏን ነክቶ ለእኛ ይሰጣታል። የመጀመሪያዋ ኳስ ሁልጊዜ መሃል እንድትሆን ተስማማን፤ በእርስዎ ፊት በአንድ ቦል ዕዳ ከጀመርን ከዕዳው እንደማንወጣ ገብቶናልና። የሜዳ ልጆቻችንንም ወደ ውስጥ አስጠጋኋቸው፤ ሊመታብን ግድ ከሆነ ቅርብ ሆነው ይጠብቁ ብዬ። ሳምንቱን በሙሉ ያለማመድነው ይህንን ነው። ናሆም ጎበዝ ስለሆነ ተማረው። ዝቅ የምትለዋን ኳስ ግን፣ ያቺን ከእርስዎ ጋር በጓሮ የጀመራትን፣ ቅዳሜ ቤት ትቷት ይመጣል። የኮሌጁ ሰውዬ በቪዲዮ አይቶ የመጣው እርሷን ነበር።

ሦስተኛ፦ ሥርዓት ስላስያዙን አመሰግናለሁ። ለሜሳ ኳሱን ሲቀበል፣ ዳኛ በደንብ ያይ ዘንድ፣ ጓንቱን ለአፍታ ባለበት የማቆየት ልማድ ነበረው። እርስዎ ይህንን እንደ ክርክር ስለሚቆጥሩት አሁን ትኩስ ድንች እንደያዘ ሰው ወዲያው መልሶ ይወረውራታል። ናሆምም ቀና ብሎ እንዳያይዎ ተመክሯል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጊዜ ቢያይዎ ያንን ፊት መከለያ የዳኛ ጭምብልዎን ከፍ አድርገው በአማርኛ «ምን ታያለህ?» ብለውታል። ሦስት ሰዓት በፈጀ ጨዋታ ከእርስዎ አፍ የሰማት አማርኛ ያቺ ብቻ ናት፤ የቀረው ሁሉ በእንግሊዝኛ «ፒቸር»፣ ወርዋሪው፣ ነበር፣ ስሙ እንኳ አልተጠራም። ጨዋታው አልቆ መኪናው ጋ ሲደርስ ግን «ልጄ፣ በርታ» ብለው ግንባሩን ሳሙት። እኔ ልቃጠል ደርሼ ስለ እርስዎ ባነሳበት፣ ባቄላ እየፈለፈለ «ኢትስ ኦኬ፣ ኢያኤል» አለኝ፤ ቀጥሎም «እርሳቸው እኮ ከእኔ የበለጠ ይጨንቃቸዋል» አለ። ይህንን የጻፍኩት ልጁ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ረስተውት እንደሆነ ብዬ ነው።

አራተኛ፦ ይህንን ቁጥር እናቴ አንብባ አስወጥታዋለች። ባዶውን ቦታ ግን እንድተው ፈቅዳልኛለች፤ እርስዎ በራስዎ ይሙሉት።

አምስተኛ፦ በሮቹ ሁሉ እንዴት በጨዋነት እንደሚዘጉ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። አባቴን «ለጋሼ ቦጋለ በስልክ ልንገራቸው ወይ» ብዬ ብጠይቀው «ትልቅ ሰው እኮ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም» አለኝ። እንግዲያው ሄጄ ልንገራቸው ስለው «ትልቅ ሰው እኮ ነው፤ ፊት ለፊት እንዴት ይነገራል?» አለኝ። ለሊጉ ልንገር ብዬ ወይዘሮ ስንታየሁን ሳማክር፣ ሻርፓቸውን አጥብቀው እያሰሩ «አበልጄን በፈረንጅ ፊት አዋርደሽልኝ ልጄ ኮሌጅ ሊገባ? እንዲያ ከሆነ ይቅርብን» አሉኝ። ልጁ የእርሳቸው ነው፤ ምን እላለሁ።

ቢሆንም ተስፋ ስለማልቆርጥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እርስዎ መጣሁ። ያስታውሱት ይሆናል። ሳሙኝ፤ አባትሽ ደኅና ነው አሉኝ፤ እናትሽስ፤ ሥራስ ተገኘ ወይ፤ ዘንድሮ ሁሉም እንደዚህ ነው፣ አይዞሽ። ሰላምታችን ሳያልቅ መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ መኪናው ሳይቆም ማዕድ ላይ። «ጋሼ፣ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ...» ስል ወይዘሮ አስካለማርያም አንድ ጊዜ አጎረሱኝ። «ዞኑ ትንሽ...» ስል ሁለተኛው ደረሰ። «ምነው ከሳሽ አንቺ፤ ኳስ ኳስ እያልሽ ምግብ ረሳሽ» ብለው ሦስተኛውን ጨመሩ። በነገራችን ላይ የባለቤትዎን እጅ አደንቃለሁ፤ አፌን አንድም ጊዜ አልሳቱትም፤ ሁሉም ስትራይክ ነበር። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው፣ «ለቅዳሜው ጨዋታ እኮ በስሜ ጠይቀው ነው ያስመደቡኝ፤ ቦጋለ ይሁንልን ነው ያሉት» ያሉት። ቤቱ በሙሉ እሰየው አለ። እኔም በሞላ አፌ ራሴን ነቀነቅኩ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ያለሁበትን ይዩልኝ። ለሊጉ ብናገር አበልጅ አዋረደች ነው፤ ለእርስዎ ብናገር ትልቅ ሰው ደፈረች ነው፤ ዝም ብል ልጁ ዓይኔ እያየ ይቀራል። የኮሌጅ አሰልጣኝ ደግሞ ማን ክርስትና እንዳነሳው አይጠይቅም። ቤዝ ሲሞላ ያያል፣ አንድ ነገር ይጽፋል፣ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ከእርስዎ ቀዳዳ የጠበበ ቦታ ካለ አሁን እኔ የቆምኩበት ነው።

ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ ግን የማላውቅ እንዳይመስልዎ። ያን ቀን አጥሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። ናሆም አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ያንን ጭምብል ካደረጉ ገና ወራትዎ፤ ከእኛ ሰው የመጀመሪያው ዳኛ ነበሩና ማኅበሩ ፎቶዎን አዳራሹ ውስጥ የሰቀለበት ሰመር ነው። ናሆም ወረወረ፤ እርስዎ ስትራይክ አሉ፤ ልክም ነበር። ከአጥሩ ማዶ በታጣፊ ወንበር የተቀመጠ የሌላ ልጅ አባት «እህ፣ ለራሱ ሰው ነዋ የሚፈርደው» አለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ አድርጎ። እርስዎ ዞር አላሉም። ጭምብልዎን አስተካከሉ። ቀጣይዋ ኳስ መሃል ለመሃል ገባች። ቦል አሉ።

ጭምብሉን ሲያጠልቁ ሁላችንም ከኋላው እንዳለን እንደሚሰማዎት አውቃለሁ። እርስዎ ቢሳሳቱ ቦጋለ ተሳሳተ እንደማይባል አውቃለሁ። ይህንን እኔም በየኢንተርቪው ስቀመጥ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ቤቱን ሸጦ አሪዞና ከገባ ሰንብቷል፤ ልጁም ቤዝቦል ትቷል። እርስዎ ግን ዛሬም ለእርሱ መልስ እየሰጡ ነው፤ መልሱንም የሚከፍለው ናሆም ነው።

ልመናዬ እንግዲህ አጭር ነው። አድልዎ አልለምንም፤ ቢያደሉልን የመጀመሪያዋ ተሟጋች እኔ እሆናለሁ። ለሦስት ሰዓት ብቻ ባዕድ ያድርጉልን። ስሙን የማያውቁት፣ እናቱን ያላዩት፣ በአርባ ቀኑ ያላቀፉት፣ ከዉድበሪ የመጣ ልጅ ነው ብለው ይዩት፤ ለዚያ ልጅ የሰጡትን ጉልበት ለእርሱም ይስጡት። ይህ ከከበደዎት ሌላ መንገድ አለ፤ እስከ ዓርብ ድረስ ለሊጉ ደውለው «ወርዋሪው ክርስትና ልጄ ነው፤ ሌላ ሰው መድቡ» ይበሉ። ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ክብር ነው፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ ክስ ይሆናል። ለዚህ ነው አፌን ዘግቼ በእጄ የጻፍኩት፤ በአማርኛ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው፤ ነገሩ ከቤት እንዳይወጣ።

ሁለቱም ካልሆነም እንመጣለን። ናሆም ቀና ብሎ አያይዎትም፤ ለሜሳ ጓንቱን አያቆይም፤ ሁሉም ኳስ በቀዳዳዋ ይገባል፣ አንዱ ፈጥኖ፣ አንዱ ዘግይቶ። ወይዘሮ ስንታየሁ እንደወትሮው ከመረቡ ኋላ፣ ልክ ከጀርባዎ፣ ለእርስዎም ውኃ ይዘው ይቀመጣሉ። እኔ ከኮሌጁ ሰውዬ አጠገብ እቆምና ያላያትን ኳስ በእጄ እያሳየሁ እተርክለታለሁ። ትረካ እችላለሁ፤ ይበቃል ወይ የሚለውን ነው የማላውቀው።

ወገብዎ ይጽና፣ ዓይንዎ ይብራ፣ ቀኝ ክንድዎ ከመነሳት አይቦዝን እያልኩ፣ ለወይዘሮ አስካለማርያም ከብዙ ምስጋና ጋር ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ጉልበት በእርስዎ ዘንድ ከየት እንደሚጀምር በጠቆሙኝ ሰዓት ዝቅ ብዬ ጉልበትዎን ለመሳም የተዘጋጀሁ፣ የዘወትር አክባሪዎ፣

ኢያኤል ይልማ
የክሪስታል ወጣቶች ቡድን የኳስ ወርዋሪዎች አሠልጣኝ፣ ያለ ደመወዝ

ማስታወሻ፦ እሑድ ማዕድ ላይ በስም የጠየቀዎት ማን እንደሆነ ሳልጠይቅዎ ቀረሁ፤ አፌ ሞልቶ ነበር። ዋናው አሠልጣኛችን ጎንፋ ሊጉን ጠይቆ ነገረኝ፤ የዉድበሪው አሰልጣኝ ነው። ለሊጉ የሰጠው ምክንያት «ሐቀኛ ሰው ነው» የሚል ነው። ለልጆቹ የሰጠውን ምክንያት ግን ባለፈው ቅዳሜ በሦስተኛው ዙር ከአግዳሚ ወንበሩ ሲናገር እኔም ናሆምም ሰምተናል፤ «ዱላችሁን አታንሱ፤ ወርዋሪው የራሱ ሰው ነው፣ አይሰጠውም።»